ባትሪ ለመግዛት ፒያሳ ከመውጣት በፊት

ከቃሉ ቆላ ተነስተው፣ ኮምቦልቻን አልፈው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ፒያሳ የሚደርሱ የማኅበር ኮሚቴ አባላት ከሚመጡባቸው ጉዳዮች አንዱ የትራክተር ባትሪ መግዛት ነው። ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ትራክተሩ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ ማታ በደህና ገብቶ ይቆማል። በማግስቱ ጧት ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው “ጠቅ” ብሎ ዝም ይላል። ሰው ተጠራርቶ በግፊ ይነሳል፤ ያን ቀንም ያርሳል። በሦስተኛው ቀን ግን ገፊውም ይሰለቻል። ኮሚቴው ይሰበሰብና “ባትሪው ሞቷል” የሚል ውሳኔ ያሳልፋል፤ ገንዘብ ወጪ ሆኖ አዲስ ባትሪ ይገዛል። አዲሱ ባትሪ ከከተማ ተሞልቶ ስለሚመጣ ለጥቂት ቀናት ሞተሩን ያለ ችግር ያስነሳል፤ ውሳኔውም ትክክል የነበረ ይመስላል። ብዙ ሳይቆይ ግን ያው “ጠቅ” ይመለሳል።

በዚህ ጊዜ ጠቡ ይነሳል። አንዱ ነጋዴው የተበላሸ ባትሪ ሸጠልን ይላል። ሌላው ሾፌሩ መብራት ሳያጠፋ ያድራል ይላል። ሾፌሩ ደግሞ ዕቃው አርጅቷል ብሎ ራሱን ይከላከላል። ባትሪውን ግን ማንም አልመረመረውም፤ ምስክር ሳይሰማ ተፈርዶበታል። ዋናው ጥፋተኛ ከሞተሩ ጎን ታስሮ በችንጋ የሚዞረው ዲናሞ፣ ወይም ከዲናሞው እስከ ባትሪው ባለው መንገድ ላይ ያለ አንድ የላላ ሽቦ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዲናሞው ካልሞላው ምንም ያህል አዲስ ባትሪ ቢገዛ ባዶ መሆኑ አይቀርም። እንግዲህ የማኅበር መሪዎች ከዚህ በኋላ ለባትሪ መግዣ ገንዘብ ከመፍቀዳቸው በፊት ባትሪውና ዲናሞው በመሣሪያ ተለክተው ውጤቱ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ ማዘዝ ይገባቸዋል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው መሣሪያ በኪስ የሚያዝ አንድ ቴስተር ሲሆን፣ ሥራው ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም።

ጉዳዩ የአንድ ባትሪ ዋጋ ብቻ አይደለም። በደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች የበልግ እርሻ፣ በቆላው ደግሞ የማሽላና የጤፍ እርሻ ቀን የሚቆጠርለት ሥራ ነው። ዝናቡ መሬቱን አርሶ ሄዶ ትራክተሩ ቆሞ የቀረበት ማኅበር አባላቱ ተራቸውን ሲጠብቁ እርጥበቱ ያመልጣቸዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ በሬው ያለቀበት የወሎ ገበሬ ያለ ጥማድ ክረምት መግባት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የቆመ ትራክተርም ለማኅበሩ እንደ ሞተ በሬ ነው፤ ልዩነቱ ሊነሳ መቻሉ ነው።

አሮጌ ትራክተር አድሶ መያዝ የሚያስነቅፍ ነገር ነው የሚሉ አይጠፉም። ነገሩ ግን ታሪክ አለው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። ስሙ እስከ ዛሬ በገጠሩ ቀበሌ ላይ ቀርቷል፤ “የየትኛው ገበሬ ማኅበር ሰው ነህ?” ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ዛሬም አይታጣም። ከዚያ በፊት ትራክተር የባለመሬቱ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ርዳታ የልማት ፕሮጀክት በተጀመረበት በጭላሎ አውራጃ፣ ባለመሬቱ ትራክተር ሲያስገባ ጪሰኛው ከእርሻው መፈናቀሉ በሰፊው የታወቀ ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሞ ቤላሩስ የተባለው ትራክተር በመንግሥት እርሻዎችና በማኅበራት ዘንድ ተለመደ። ማሲ ፈርጉሰን ግን ከሁለቱም ዘመናት የተረፈ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ የቀረበው 135 የተባለው ዓይነት ባለ 3 ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ያለው፣ አሠራሩ ግልጽ፣ በመንደር ጋራዥ ሊፈታና ሊገጠም የሚችል ትራክተር በመሆኑ ከስድሳ ዓመት በኋላም የሚያድሰው አላጣም።

በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ ብዙ ንብረት ተዘርፏል፤ ብዙም ወድሟል። ከዚያ ወዲህ የቆመን ዕቃ አንስቶ ማሠራት እንደ ውርደት መታየቱ ቀርቷል። በጦሳ ጎንና በኩታበር ገደላገደል ያለው የእርከን መሬት ለትራክተር እንደማይመች ግልጽ ነው፤ እዚያ በሬው ጌታ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ፣ ከዚያም ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ የሚዘረጋው የቦርከና ሸለቆ ሜዳ ግን የትራክተር አገር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተውም በዚህ ሜዳ ላይ ያለውን፣ ሞተሩ ተበትኖ የተሠራውን፣ ቀይ ቀለሙን አዲስ የተቀባውንና ባትሪው አልሞላ ያለውን አሮጌ ትራክተር ነው።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ። ባትሪ ጎተራ ነው፤ እህል አያበቅልም። ዲናሞው ማሳው ነው። በሞተሩ ኃይል እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሞተሪኖው ጧት ከጎተራው የወሰደውን መልሶ ይሞላል። በሁለቱ መካከል ሬጉሌተር የሚባል ሳጥን አለ። ሥራው ሁለት ነው። ዲናሞው ከመጠን በላይ እንዳያመርት ይቆጣጠራል፤ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ በዲናሞውና በባትሪው መካከል ያለውን መንገድ ይቆርጣል። ካልቆረጠው ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ዲናሞው ሲፈስ ያድራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ በኋላ ለመሥራት ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ናፍጣው የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ካንዴላ ያለው የቤንዚን መኪና ዲናሞው ከሞተ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ባለቤቱም ወዲያው ያውቃል። ትራክተሩ ግን ዲናሞው ከሞተ ከሳምንት በኋላም ሲያርስ ይውላል። በሽታው የሚታየው ጧት ጧት ብቻ ስለሆነ ሁሉም ሰው ጧት የሚያየውን ባትሪ ይወነጅላል። በዚያ ላይ አገሩ ተዳፋት ነው። ሾፌሩ ማታ ትራክተሩን ቁልቁለት ላይ ያቆምና ጧት አንደርድሮ ያስነሳል። ይህ ዘዴ ለአንድ ቀን ብልኃት ሲሆን ለአንድ ወር ከሆነ በሽታ መደበቂያ ነው። ድንጋይ ብቻ ጎማ ሥር ተደርጎለት ቁልቁለት ላይ የሚያድር ትራክተር በልጆችና በከብት ላይ የሚያመጣው አደጋም ሊዘነጋ አይገባም።

ምርመራው በዓይንና በእጅ ይጀመራል፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ተነቅሎ። ችንጋው በሁለቱ መዘውሮች መካከል ባለው ረጅም ክፍል ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ጣት ውፍረት ያህል መርገብ አለበት። ከዚያ በላይ ከረገበ እየተንሸራተተ ዲናሞውን በሚገባ አያዞረውም፤ እንደ ክር ከተወጠረ ደግሞ የዲናሞውን ኩሽኔታና ቦኮላ ይበላል። ችንጋው ጎን ጎኑ እንደ መስተዋት ካበራ፣ ወይም ዘይት ከነካው፣ ቢወጠርም ይንሸራተታል። ቀጥሎ የባትሪው ራሶች ይታያሉ። ነጭና አረንጓዴ ዝገት ከበላቸው በሙቅ ውሃና በቢካርቦኔት ታጥበው፣ ተፈግፍገው ይታሰራሉ።

ከዚያ ወደ ማሳ ይኬዳል። በጋራዥ ቋንቋ ማሳ የሚባለው የሚታረሰው አይደለም። በአሰብ መስመር ይመላለስ የነበረው ከባድ መኪና ሁሉ ኮምቦልቻን ረግጦ ያልፍ በነበረበት ዘመን ጭምር የአካባቢው መካኒኮች ሲጠቀሙበት የኖሩት፣ ሥሩ ከጣሊያን ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። ችንጋ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴና ኩሽኔታም የመጡት ከዚያው ነው፤ ፒያሳ የሚለው ስም ራሱም እንደዚሁ። በዚህ አነጋገር ማሳ ማለት ከባትሪው ሁለት ራሶች አንዱ ከትራክተሩ ብረት ጋር የሚገናኝበት ነው። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ሄዶ የሚመለሰው በብረቱ ገላ በኩል ነው። የመመለሻው መንገድ ከተዘጋ የመሄጃው ንጹሕ መሆን አይረባም።

በታደሰ ትራክተር ላይ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ይህ ነው። ትራክተሩ ሲታደስ ብረቱ ሁሉ ተፈግፍጎ ቀለም ይቀባል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የባትሪው ማሳ ገመድ የሚታሰርበት ቦታ፣ ዲናሞው ከሞተሩ ጋር የሚቀመጥበት እግር፣ ሬጉሌተሩ የሚታሰርበት ሰሌዳ ሁሉ ቀለም ከተቀባ በኋላ ቡሎኑ በቀለሙ ላይ ይጠብቃል። ለዓይን ያማረ ነው። ኤሌክትሪኩ ግን የሚያልፍበት ቀዳዳ በቡሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ይሆናል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አያልፍም። ማኅበሩ ለቀለም ያወጣው ገንዘብ ባትሪውን ሲገድል ይታያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቡሎኑን መፍታት፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጭ ብረቱ መፈግፈግ፣ መልሶ ማጥበቅ፣ በላዩ ትንሽ ግራሶ መቀባት። የእነዚህን ሦስት ቦታዎች ቀለም ሳይፈገፍጉ ዲናሞ መፍታት ጊዜ ማባከን ነው።

በዓይን የሚታየው ካለቀ በኋላ ቴስተሩ ይያዛል። ሞተሩ ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ጧት ከመነሳቱ በፊት የባለ 12 ቮልት ባትሪ ራሶች ሲለኩ 12.6 ቮልት ገደማ ከታየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው። 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ሞተሩ ተነስቶ፣ ጋዙ ከፍ ተደርጎ፣ በዚያው በባትሪው ራሶች ላይ ይለካል። ቁጥሩ ወደ 13.5 እና 14.5 መካከል ከወጣ ዲናሞውም ሬጉሌተሩም ሥራቸውን እየሠሩ ናቸው፤ እንግዲህ ባትሪው ቢጠረጠር ፍርድ አይጓደልም። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የነበረው ቁጥር ካልተነቃነቀ ግን ባትሪው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ጎተራውን የሚሞላ የለም። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ሬጉሌተሩ ልጓሙን ለቋል፤ የባትሪው ውሃ ፈልቶ ያልቃል። በቆላው ሙቀት ውሃው ቶሎ ስለሚተን የተጣራ የባትሪ ውሃ በየሁለት ሳምንቱ ማየት ግድ ነው። የወንዝ ውሃ አይጨመርም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ይጨመር። የድሮ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር አይሞላም፤ ይህ ተፈጥሮው እንጂ በሽታ አይደለም። በዝግታ እየዞረ የተለካ ዲናሞ ሳይታመም የታመመ ይባላልና ጋዝ ሳይጨመር የተወሰደ ልኬት አይታመን። እንዲሁም ለሌሊት እርሻ ተብሎ በላይ በላዩ የተጨመረ መብራት ካለ ይታሰብበት። በእነዚህ ትራክተሮች ላይ የተለመደው ሲ 40 የተባለው የሉካስ ዲናሞ ጉልበቱ 22 አምፔር ያህል ነው። አራትና አምስት ትላልቅ መብራት ከተሰቀለበት ያመረተውን ሁሉ መብራቱ ይበላዋል።

በሰሌዳው ላይ ያለው ቀይ መብራትም ቋንቋ አለው። ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ሲያገኝ መጥፋት አለበት። ቁልፉ ሲከፈት ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተቆርጧል። ሞተሩ እየሠራ ካልጠፋ ዲናሞው አያመርትም። ጠፍቶ፣ ጋዝ ሲጨመር እንደገና እየደመቀ ከመጣ ግን ዲናሞው እያመረተ በሬጉሌተሩ ውስጥ ያለው በር አልከፈት ብሎታል ማለት ነው። ሾፌሩ የዚህን መብራት አመል በየቀኑ ቢነግር ኖሮ ስንት ገንዘብ ይድን ነበር! ብዙ ትራክተር ላይ ግን አምፖሉ ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል፤ ማንም አልተካውም። የአምፖሉ ዋጋ ከባትሪው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

አሁን ዲናሞው ራሱ ይፈተን። በጀርባው ሁለት ጫፎች አሉት፤ ትልቁ “ዲ”፣ ትንሹ “ኤፍ” ይባላል። ሁለቱ ሽቦዎች ምልክት ተደርጎባቸው ይነቀላሉ። ምልክቱ የግድ ነው፤ እድሳት ላይ ሁለቱ ተቀያይረው መታሰራቸው በራሱ አንድ በሽታ ነው። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች በአጭር ሽቦ እርስ በርስ ይያያዛሉ። የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በዚህ ሽቦ ላይ፣ ሌላው በዲናሞው ንጹሕ ብረት ላይ ይደረጋል። ሞተሩ ተነስቶ ጋዙ ቀስ በቀስ ሲጨመር ቁጥሩ ያለ መቆራረጥ በፍጥነት መውጣት አለበት። 20 ቮልት ሳይደርስ ጋዙ ይቀነስ፤ ያለ ልጓም የሚሮጥ ዲናሞ ራሱን ያቃጥላል። ቁጥሩ በደህና ከወጣ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ በሬጉሌተሩ ወይም በሽቦው ነው። ምንም ካልታየ ካርቦኖቹ ይታዩ፤ አልቀው ወይም በቤታቸው ተጣብቀው ይሆናል፤ የሚቀመጡበት የመዳብ አንገትም ጠቁሮ ይሆናል። 1 ቮልት ገደማ ላይ ከቆመ በዙሪያው የታሰረው ጥቅል፣ 4 ወይም 5 ላይ ከቆመ ደግሞ የሚሽከረከረው ጥቅል ይጠረጠራል። ጥቅል ከተቃጠለ ሥራው የጠቅላይ ባለሙያ ነው፤ ካርቦን መቀየር ግን ሾፌሩ በአንድ ቀን ሊማረው ይችላል።

ይሁንና ወደ ጠቅላይ ከመሄድ በፊት አንድ ነገር ይሞከር። ለዓመታት የቆመ ወይም ተፈትቶ የተገጠመ ዲናሞ በውስጡ የነበረውን ጥቂት የማግኔት ኃይል ሊያጣ ይችላል። ይህ ኃይል እርሾ ነው፤ እርሾ የሌለው ሊጥ ምንም ቢያድር አይነሳም። የሉካስ ዓይነት ዲናሞ ሲሆን፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የ“ኤፍ” ሽቦ ተነቅሎ፣ ከባትሪው ማሳ ካልሆነው ራስ በመጣ ሽቦ የዲናሞውን የ“ኤፍ” ጫፍ ለአፍታ ብቻ ነካ ማድረግ እርሾውን ይመልስለታል። ትንሽ ፍንጣሪ ይታያል። ባትሪው ተገልብጦ ታስሮ ከነበረም ይኸው ይደረጋል። የሌላ አገር ሥሪት ዲናሞ አታሳሰሩ ሊለይ ስለሚችል ይህ ዘዴ ሁሉም ላይ አይሞከርም። ከቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ትራክተሮች አንዳንዶቹ ፖዘቲቩን ራስ ከማሳ ጋር የሚያገናኙ ስለነበሩ አዲስ ባትሪ የሚያስር ሰው የቀድሞውን አስተሳሰር ሳያይ እጁን መስደድ የለበትም።

ሬጉሌተሩን በሚመለከት ምክሩ አጭር ነው። ክዳኑ ተከፍቶ የጠቆሩ ነጥቦች በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋሉ፤ ይህም የሚደረገው ባትሪው ተነቅሎ ነው። ከዚህ አልፎ ምላሱን በካቻቢቴ የሚያጣምም ሰው ካለ እጁ ይያዝ።

ስለ ጥንቃቄም ሁለት ቃል ያስፈልጋል። ሲሞላ የዋለ ባትሪ የሚቃጠል ጋዝ ያወጣልና በአጠገቡ ሲጋራም ክብሪትም አይፈቀድም። አሲዱ ዓይን ከነካ በብዙ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። ሞተር እየሠራ በሚለካበት ጊዜ ጋቢና ፎጣ ለብሶ ወደ ችንጋው መጠጋት ክልክል ነው፤ በደሴ ብርድ ጋቢ ማውለቅ ከባድ ቢሆንም።

በጋራዦች ዘንድ ሌላ ክርክር አለ። “ዲናሞውን ጥላችሁ አልተርኔተር ግጠሙ” የሚሉ ወጣት ባለሙያዎች በዝተዋል። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። አልተርኔተር በዝግታም ይሞላል፤ ጉልበቱም ይበልጣል፤ መለዋወጫውም ከአሮጌው ዲናሞ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ብዙዎቹ ይህን የሚሉት አልተርኔተር ተሽሎ ስላገኙት ብቻ ሳይሆን ዲናሞን ስላልተማሩት ጭምር ይመስላል። በሁለት ካርቦን የሚድን ዲናሞ መጣል የማኅበርን ገንዘብ መጣል ነው። ጥቅሉ የተቃጠለበት፣ አንገቱ ያለቀበት ከሆነ ግን ለውጡ ተገቢ ነው። ያን ጊዜ አሮጌው ሬጉሌተር ከመንገዱ መውጣት አለበት፤ ባትሪው ኔጋቲቩ ከማሳ መታሰሩ መረጋገጥ አለበት፤ ሞተር እየሠራም ባትሪ መንቀል ጨርሶ አይገባም፤ አልተርኔተሩ ይቃጠላልና። በአንዳንድ አሮጌ ትራክተሮች የሰዓት ቆጣሪው የሚዞረው ከዲናሞው ጀርባ ስለሆነ ዲናሞው ሲወጣ ቆጣሪውም ይሞታል። ቆጣሪው ከሞተ ዘይት የሚቀየርበት ሰዓት የሚታወቀው በግምት ይሆናል። ለውጡን የሚያጸድቅ ኮሚቴ ይህንንም አስቦ ይፍቀድ።

እዚህ ላይ የሚመለከታቸው ክፍሎችም ድርሻ አላቸው። እንደ ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ያሉ የሙያ ማሠልጠኛዎች በአውቶ ኤሌክትሪክ ትምህርታቸው ውስጥ የድሮውን ዲናሞና ሬጉሌተር ጥቂት ቀናት ቢሰጡት የሚጠቀመው የእነሱው ተመራቂ ነው። አሮጌ ትራክተር የያዘ ማኅበር ሁሉ ደንበኛው ይሆናልና። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የበልግ ዝግጅት ስብሰባ ሲጠሩ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ከሚነገረው ሰዓት ላይ አንዲቱን ቀንሰው አንድ ትራክተር በግቢው ውስጥ አቁመው ቢያስለኩ፣ መሪዎቹ በዓይናቸው ያዩትን ይዘው ይመለሳሉ።

የሾፌሩ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። ትራክተሩ አልነሳ ባለ ቁጥር ሾፌሩን መውቀስ የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም ይገባዋል። ቴስተር ሳይገዛለት፣ የተቃጠለ አምፖል እንዲተካ ሲጠይቅ ገንዘብ ተከልክሎ፣ ባትሪው ሲሞት ግን ከደመወዙ ይቆረጥ የሚባል ሾፌር በፍትሕ አልተዳኘም። ማኅበሩ የአንድ ደብተር ዋጋ ያውጣ። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ጧት ሞተር ሳይነሳ የታየው ቮልት፣ ጋዝ ተሰጥቶ የታየው ቮልት፣ ውሃ የተጨመረበት ቀን ይጻፍ። ሾፌሩ ይጽፋል፤ የቁጥጥር ኮሚቴው በወር አንድ ጊዜ ያያል። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ሲወርድ የሚታይ ከሆነ ካርቦን የሚያስፈልገው ወር ከእርሻው ወር በፊት ይታወቃል።

አንድ የመጨረሻ ፈተና ይቀራል፤ ሌሊት የሚሠራ ፈተና ነው። ባትሪው ውጭ በደንብ ተሞልቶ ከገባ በኋላ ማታ ይለካል። አንዱ ራስ ተነቅሎ ያድራል፤ ጧት እንደገና ይለካል። በሁለተኛው ሌሊት ሁለቱም ራሶች እንደታሰሩ ያድራል፤ ጧት ይለካል። ተነቅሎ ባደረበት ሌሊት ቁጥሩ በብዙ ከወረደ ባትሪው በእውነት አርጅቷል፤ ኮሚቴው ያለ ጭቅጭቅ ገንዘብ ፈቅዶ ሰው ወደ ፒያሳ ይላክ። የወረደው ታስሮ ባደረበት ሌሊት ብቻ ከሆነ ግን በትራክተሩ ውስጥ የሚጠጣ ነገር አለ። የሬጉሌተሩ በር ተጣብቆ አልዘጋ ብሎ ሊሆን ይችላልና ዲናሞው በእጅ ይዳሰስ፤ ሞተሩ ሳይሠራ ካደረ በኋላ ሞቆ ከተገኘ ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት ባትሪው ወዲያው ይነቀል።

ገንዘቡም በሣጥኑ ይቆይ።